ከስልክ ጀርባ ያለው 15 አሃዝ፦ የትኛውን ስህተት ይይዛል፣ የትኛው ያመልጠዋል?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከኮዬ ፈጬና ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ሥር ካሉት ሱቆች ጀምሮ እስከ ጀሞ፣ ካራና ቡራዩ ድረስ፣ ያገለገለ ስልክ መሸጥና መጠገን የብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆኗል። ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ ከመርካቶ ይመጣል፤ አይኤምኢአይ የሚባለው ባለ15 አሃዝ የመለያ ቁጥሩ ግን ከስልኩ ቀድሞ ይደርሳል። አከፋፋዩ ደውሎ ያነባል፣ ባለሱቁ በደብተሩ ይጽፋል፣ ሲሸጥ ከደብተሩ ወደ ደረሰኙ ይገለብጠዋል፣ ማታ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ያሰፍረዋል። አንድ ባለ15 አሃዝ ቁጥር ገዢው እጅ እስኪገባ ሦስት አራት ጊዜ ይገለበጣል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ግልበጣ አንድ አሃዝ ሊለወጥ፣ ወይም ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ሊቀያየሩ ይችላሉ።

ስህተቱ የሚታወቀው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ስልኩ ይጠፋና ባለቤቱ ደረሰኙን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል፤ እዚያ የተጻፈው ቁጥር ግን የሌላ ስልክ ነው። ወይም በዋስትና ሊያስጠግን ይመለስና "ይህ ከእኛ ሱቅ የወጣ ስልክ አይደለም" ይባላል። ገዢውም ሻጩም እውነታቸውን ነው፤ የተሳሳተው ወረቀቱ ነው።

ይህን ጣጣ አስቀድሞ መከላከል ይቻላል። ቁጥሩ ራሱን የሚያስፈትሽበትን ዘዴ በውስጡ ይዞ ነው የተሠራው፤ ለመፈተሽም ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። ዘዴው አንዳንድ ስህተት ያመልጠዋል፤ የሚያመልጠውን ደግሞ በስልክ ካልኩሌተር በአንድ ደቂቃ መያዝ ይቻላል። ይህን ሁለተኛውን መንገድ የሚጠቀምበት ሰው እምብዛም ስለማይታይ፣ ከዚህ በታች በሰፊው የተብራራው እሱ ነው።

ቁጥሩ ከምን ከምን ተሠራ?

በስልኩ መደወያ ላይ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ሲጫኑ የሚመጣው ቁጥር አይኤምኢአይ ይባላል። 15 አሃዝ አለው። የመጀመሪያዎቹ 8 አሃዞች የሞዴሉ መለያ ናቸው፤ ቀጣዮቹ 6 የዚያ ሞዴል እያንዳንዱ ስልክ ተራ ቁጥር ናቸው፤ የመጨረሻዋ አንድ አሃዝ የማረጋገጫ አሃዝ ናት። ተራ ቁጥሩ 6 አሃዝ ስለሆነ አንድ የሞዴል መለያ ከ1,000,000 ስልክ በላይ አይሸፍንም። ብዙ የሚሸጥ ሞዴል ብዙ መለያ የሚሰጠው ለዚህ ነው። የፊተኞቹ ሁለት አሃዞች መለያውን የሰጠውን አካል ያሳያሉ፦ እኛ አገር ባሉ ስልኮች ላይ በብዛት የሚታየው 35 ከብሪታንያ፣ 86 ደግሞ ከቻይና ነው።

ለምሳሌ የምንይዘው ለማስተማሪያ የተለመደውን 490154203237518 ነው። የድሮ ቁጥር ነው፤ 49 በቀድሞው አሠራር የጀርመን ነበር። የማንንም ስልክ ቁጥር ሳንነካ ሁሉንም ነገር በእሱ ላይ መሥራት እንችላለን።

የማረጋገጫዋ አሃዝ የምትገኝበትን ስሌት ያወጣው ሃንስ ፒተር ሉን የተባለ ትውልደ ጀርመን የአይቢኤም መሐንዲስ ነው። የፈጠራ መብቱን በ1954 እ.ኤ.አ. ጠይቆ በ1960 እ.ኤ.አ. አገኘ። ዛሬ በኤቲኤም ካርዶች ላይ ያለው ረጅም ቁጥርም የሚፈተሸው በዚሁ ስሌት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከግራ ጀምሮ በሁለተኛ፣ በአራተኛ፣ በስድስተኛ፣ እንዲህ እያለ እስከ አሥራ አራተኛ ቦታ ያሉትን አሃዞች እናጥፋለን፤ እጥፉ ባለ ሁለት አሃዝ ከሆነ ሁለቱን አሃዞች እንደምራለን። በምሳሌያችን በእነዚህ ቦታዎች ያሉት 9፣ 1፣ 4፣ 0፣ 2፣ 7 እና 1 ናቸው። 9 ታጥፎ 18፣ 1 ሲደመር 8 ደግሞ 9 ይሆናል። 1 ወደ 2፣ 4 ወደ 8፣ 0 ወደ 0፣ 2 ወደ 4 ይሄዳል። 7 ታጥፎ 14፣ እሱም 5 ይሆናል። የመጨረሻው 1 ወደ 2 ይሄዳል። ድምራቸው 30 ነው። ያልታጠፉት 4፣ 0፣ 5፣ 2፣ 3፣ 3 እና 5 ደግሞ 22 ይሆናሉ። 30 እና 22 ሲደመሩ 52 ነው። ወደ ቀጣዩ አሥር፣ ማለትም ወደ 60፣ ለመድረስ 8 ይጎድላል፤ የመጨረሻዋ አሃዝም 8 ናት። ቁጥሩ አለፈ።

ከዚህ የምትከተል አንዲት ጠቃሚ ነገር አለች። ከአንድ ፋብሪካ ተከታትለው የወጡ ስልኮች ቁጥራቸው በአንድ አንድ አይጨምርም። ከምሳሌያችን ቀጥሎ ያለው ስልክ ተራ ቁጥሩ 323752 ይሆናል፤ ስሌቱ 54 ስለሚሰጥ የማረጋገጫ አሃዙ 6 ነው። ስለዚህ መጨረሻው 518 ከነበረው ቀጥሎ የሚመጡት በ526፣ በ534፣ በ542 እና በ559 ያበቃሉ። ካርቶን ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አስመስሎ የሚያትም ሰው ግን መጨረሻውን አንድ አንድ እየጨመረ ሊሄድ ይችላል፦ 518፣ 519፣ 520። 519 እና 520 በሉን ስሌት ወዲያው ይወድቃሉ። ሁለት ካርቶን ጎን ለጎን ተቀምጠው በመጨረሻዋ አሃዝ ብቻ ከተለያዩ ከሁለቱ አንዱ የግድ የተሳሳተ ነው።

90 ለምን ያመልጣል?

ሰው ቁጥር ሲገለብጥ ምን ዓይነት ስህተት ይሠራል? የኔዘርላንድሱ የሒሳብ ሊቅ ያኮቡስ ቨርሆፍ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአገሩ ፖስታ ቤት መረጃ ላይ ተመርኩዞ ባደረገው ቆጠራ፣ ከአሥር ስህተት ስምንት ያህሉ የአንድ አሃዝ መለወጥ ነው፤ አንድ አሥረኛ ያህሉ ደግሞ የሁለት ጎረቤት አሃዞች መቀያየር ነው። የተቀረው ጥቂት ነው። እንግዲህ ጥሩ የማረጋገጫ አሃዝ ቢያንስ እነዚህን ሁለቱን መያዝ አለበት።

ተራ የአሃዞች ድምር አይበቃም። 75ን 57 ብንለው ድምሩ ያው 12 ነው። ሉን አንዱን አሃዝ አጥፎ ቀጣዩን እንዳለ የሚተወው ቦታ መለዋወጡ እንዲታወቅ ነው። በእጥፉ ሥርዓት 0 ወደ 0፣ 1 ወደ 2፣ 2 ወደ 4፣ 3 ወደ 6፣ 4 ወደ 8፣ 5 ወደ 1፣ 6 ወደ 3፣ 7 ወደ 5፣ 8 ወደ 7፣ 9 ወደ 9 ይሄዳሉ። በውጤቱ በኩል አሥሩም አሃዞች አሉ፤ አንዱም አልተደገመም። ስለዚህ አንድ አሃዝ በሌላ ከተተካ ድምሩ ከ1 እስከ 9 ባለ መጠን ይለወጣል፣ ከእንግዲህም በ0 አያበቃም። የአንድ አሃዝ ስህተት አንድም ሳይቀር ይያዛል።

መቀያየሩን ለማየት ከእጥፉ ላይ ራሱን አሃዙን እንቀንስ። ለ0፣ 1፣ 2፣ 3 እና 4 ልዩነቱ 0፣ 1፣ 2፣ 3 እና 4 ነው። ለ5 ልዩነቱ 1 ሲቀነስ 5 ነው፤ የሚያሳስበን የመጨረሻው አሃዝ ብቻ ስለሆነ አሥር ጨምረንበት 6 እንለዋለን። በዚሁ መንገድ ለ6 ልዩነቱ 7፣ ለ7 ልዩነቱ 8፣ ለ8 ልዩነቱ 9 ይሆናል። ለ9 ግን እንደገና 0 ነው። ሁለት ጎረቤት አሃዞች ሲቀያየሩ ሉን የሚነቃው ልዩነታቸው የተለያየ ከሆነ ብቻ ነው። 0 እና 9 ልዩነታቸው እኩል ስለሆነ 90 ወደ 09 ቢለወጥ ድምሩ አይነቃነቅም።

ምሳሌያችን ደግሞ በ490 ይጀምራል። 9 እና 0 ይቀያየሩ፦ 409154203237518። ስሌቱን መልሰው ይሥሩት፤ አሁንም 60 ነው። የተሳሳተው ቁጥር ልክ ነኝ ብሎ ያልፋል።

ከማጠፍ የተሻለ ብልሃት የለም ወይ? እያንዳንዱን አሃዝ በሌላ የምንተካበት ሌላ ሠንጠረዥ አውጥተን ማንም ጥንድ እንዳያመልጥ ማድረግ አንችልም? አንችልም፤ ምክንያቱም በጣም ያምራል። በማንኛውም እንዲህ ባለ ሠንጠረዥ የአሥሩ ተተኪዎች ድምር 45 ነው፤ የአሥሩ አሃዞች ድምርም 45 ነው። ስለዚህ የልዩነቶቹ ጠቅላላ ድምር ሁልጊዜ በ0 ያበቃል። ማንም ጥንድ እንዳያመልጥ ከተፈለገ ግን አሥሩ ልዩነቶች ሁሉም መለያየት አለባቸው፤ ያኔ ከ0 እስከ 9 ያሉት ሁሉ ይኖራሉ፣ ድምራቸውም 45 ሆኖ በ5 ያበቃል። በ0 የሚያበቃና በ5 የሚያበቃ ድምር አንድ ሊሆኑ አይችሉም። ስለዚህ የመጨረሻውን አሃዝ ብቻ የሚያይ የመደመር ስሌት እስከሆነ ድረስ ቢያንስ አንድ ጥንድ ያመልጣል። ሉን የሚያመልጠው ያችኑ አንዲት ጥንድ ብቻ ነው፤ ከዚህ በላይ መሄድ አይቻልም ነበር።

ቨርሆፍ በ1969 እ.ኤ.አ. ያሳየው መውጫ መደመርን ራሱን መተው ነው። ባለ አምስት ጎን ቅርጽ ሲሽከረከርና ሲገለበጥ የሚያሳያቸውን አሥር አቀማመጦች በአሃዝ ሰየማቸው። በእነዚህ ላይ "መጀመሪያ ሀ ከዚያ ለ" እና "መጀመሪያ ለ ከዚያ ሀ" ብዙ ጊዜ የተለያየ ውጤት ይሰጣሉ፤ አሃዞቹን እንደየቦታቸው ከሚተካ ሠንጠረዥ ጋር ሲሆን ቅደም ተከተሉ ስለሚታወቅ የጎረቤት አሃዞች መቀያየር ሁሉ ይያዛል። ብዙዎቻችን አሁን የምንይዘው የፋይዳ መታወቂያ የተመሠረተበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር የመታወቂያ ቁጥር ሲያመርት የሚጠቀመው የቨርሆፍን ዘዴ ነው። ለእጅ ስሌት ግን አይመችም፤ ሠንጠረዥ ይፈልጋል።

ሉን የሚያመልጠው ሌላም አለ። 22 ወደ 55፣ 33 ወደ 66፣ 44 ወደ 77 ሲለወጡ አይነቃም። በተጣደፈ እጅ የተጻፈ 33 ደግሞ ለ66 እንግዳ አይደለም። አንድ አሃዝ በመሐል አስቀምጠው የሚቀያየሩ ሁለት አሃዞችም ያመልጡታል፤ ሁለቱም ወይ የታጠፉ ወይ ያልታጠፉ ስለሆኑ ድምሩ ውስጥ ያላቸው ድርሻ እኩል ነው። 154 203 ከሚለው ክፍል 542ን 245 ብንለው ሉን ዝም ይላል።

በ1001 መፈተሽ

15 አሃዝ ሦስት ሦስት ሆኖ በአምስት ቡድን እኩል ይከፈላል፦ 490፣ 154፣ 203፣ 237፣ 518። አንደኛውን፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን እንደምር፦ 490 እና 203 እና 518 ሲደመሩ 1211። ሁለተኛውና አራተኛው፣ 154 እና 237፣ ሲደመሩ 391። ከ1211 ላይ 391 ሲቀነስ 820 ይቀራል። ውጤቱ ከ1000 ከበለጠ 1001 እየቀነስን፣ ከዜሮ በታች ከወረደ 1001 እየጨመርን ከ0 እስከ 1000 ባለው ውስጥ እናስገባዋለን። እዚህ 820 ራሱ መልሱ ነው።

ይህ 820 ቁጥሩ ለ1001 ሲካፈል የሚተርፈው ቀሪ ነው። አንድ ሺህ ከ1001 በአንድ ስለሚያንስ፣ ወደ ግራ አንድ ቡድን ባለፍን ቁጥር ምልክቱ ከመደመር ወደ መቀነስ፣ ከመቀነስ ወደ መደመር ይገለበጣል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

አሁን ስህተቶቹን እንፈትን። 409154203237518ን ሉን አሳልፎት ነበር፤ በ1001 ግን 739 ይሰጣል። 542 ወደ 245 የተለወጠበት 490124503237518 መጀመሪያ 1150 ይሰጣል፤ 1001 ሲቀነስለት 149 ነው። ሁለቱም ከ820 ራቅ ብለው ተያዙ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። አንድ አሃዝ ሲለወጥ ቀሪው ቢበዛ በ900 ይለወጣል። ጎረቤት አሃዞች ሲቀያየሩ በአንድ ቡድን ውስጥ ከሆነ ለውጡ ቢበዛ 810፣ በሁለት ቡድን ወሰን ላይ ከሆነ ቢበዛ 909 ነው። አንድ አሃዝ ዘለው ለሚቀያየሩት ደግሞ ቢበዛ 990። ሁሉም ከ1001 በታች ናቸው፣ ዜሮም አይደሉም፤ ስለዚህ ቀሪው ሳይለወጥ ሊቀር አይችልም። እንደ 33 እና 66 ያሉት መንታ ስህተቶችም በዚሁ ምክንያት ይያዛሉ። ጨርሶ ለተምታታ ቁጥር እንኳን በአጋጣሚ የማለፍ ዕድሉ ከ1001 አንድ ያህል ሲሆን በሉን ግን ከአሥር አንድ ነው።

የሚያመልጠው ሰፊ ስህተት አንድ ነው፦ ሙሉ ቡድን ከሙሉ ቡድን ጋር አንድ ዘልሎ ቢቀያየር፣ ለምሳሌ 490 በ203 ቦታ፣ 203 በ490 ቦታ ቢገባ። ቀሪው ያው 820 ይሆናል። በንባብ ላይ ይህ እምብዛም አያጋጥም፤ ቢያጋጥም ግን ሉንም አይዘውም፣ የታጠፉት አሃዞች በአዲሱ ቦታቸውም ይታጠፋሉ፣ ያልታጠፉትም እንዳሉ ይቀራሉና።

በተግባር አከፋፋዩ ከቁጥሩ ጋር ቀሪውንም ይልካል፦ "490፣ 154፣ 203፣ 237፣ 518፣ ቀሪ 820።" የሚጽፈው ሰው እዚያው ያሰላና 820 ካልመጣለት "ድገመው" ይላል። ንባቡ አንድ በአንድ አሃዝ ቢሆን ይመረጣል። ታክሲ ተራ አጠገብ ሆኖ "ሰባ አምስት" የሰማ ሰው 75 ይጻፍ ወይስ 7፣ 0፣ 5 እርግጠኛ መሆን አይችልም፤ እንዲህ ያለው ስህተት ግን የአሃዙን ብዛት ስለሚለውጥ ከማንኛውም ስሌት በፊት 15 መሆኑን ቆጥሮ ማረጋገጥ ይበቃል። ቡድኑም ሦስት ሦስት ይሁን። በአራት አራት ቢነበብ መጨረሻ ላይ ሦስት ይተርፋል፤ ስሌቱም ይበላሻል።

የቁጥሩና የአጻጻፉ ልዩነት

ሁለቱ ፈተናዎች በዓይነታቸው ይለያያሉ። የሉን ስሌት የአጻጻፉ ጠባይ ነው፤ የሚያውቀው በመስመር የተደረደሩ አሃዞችን ነው። የ1001 ቀሪ ግን የቁጥሩ የራሱ ጠባይ ነው፤ በምንም ዓይነት ቁጥር ቢጻፍ 820 ከመሆን አይወጣም። የግዕዝ ቁጥር ይህን በደንብ ያሳያል። ግዕዝ ዜሮ የለውም፣ ለዘጠናም የራሱ ምልክት አለው፤ 490 ሲጻፍ ፬፻፺ ነው፣ 409 ደግሞ ፬፻፱። እዚያ 9 እና 0 ቦታ ሊቀያየሩ አይችሉም፤ ከናካቴው ሁለት ምልክቶች አይደሉምና። የሉንን ስሌት በእሱ ላይ መሥራት አይቻልም። ለ1001 ማካፈል ግን ይቻላል።

ቁጥሩን እንደ ሙሉ ቁጥር ብቻ ካየነው ሌላም ይናገራል። 490 ትሪሊዮን 154 ቢሊዮን 203 ሚሊዮን 237 ሺህ 518 ነው፤ በየሰከንዱ አንድ እየተባለ ቢቆጠር ከ15 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይፈጃል። ተጋማሽ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች 18 ለ4 ስለማይካፈሉ ግን ለ4 አይካፈልም፣ በዚህም ምክንያት የማንም ሙሉ ቁጥር ካሬ ሊሆን አይችልም። የአሃዞቹ ድምር 54 ስለሆነ ለ9 ይካፈላል። ስለዚህ 18 በ27,230,789,068,751 ሲባዛ የሚገኝ ነው። 1001 ራሱ 7 በ11 በ13 ስለሆነ ያችው 820 ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ትነግረናለች፦ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 1፣ ለ11 ሲካፈል 6፣ ለ13 ሲካፈል 1። እንግዲህ በአንድ የሚያንሰው 490154203237517 ለ7ም ለ13ም ይካፈላል።

27,230,789,068,751 ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ ይኑረው አይኑረው በእጅ ለመጨረስ እስከ 5.2 ሚሊዮን ገደማ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይጠይቃል፤ ከ360 ሺህ ይበልጣሉ። ለአንድ ተራ ስልክ ግን የአፍታ ሥራ ነው። የባንክ መተግበሪያዎች መልእክት የሚቆለፍበት አርኤስኤ የተባለው የምሥጢር ዘዴ ቁጥር የተለመደው መጠን 617 አሃዝ አለው። እንዲህ ካሉት እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ወደ አካፋዮቹ በይፋ ተበትኖ የታየው ትልቁ 250 አሃዝ ያለው ነበር። 15 አሃዝ በዓይን ሲታይ ይግዘፍ እንጂ ምሥጢር ለመጠበቅ ምንም አቅም የለውም። የእሱ ጉልበት ስህተትን በመያዝ ነው።

ኮምፒውተር ላይ የሚበላሸው

ብዙ ሱቅ ዝርዝሩን የሚይዘው በኤክሴል ነው። ቁጥሩን ባዶ ሳጥን ውስጥ ሲጽፉት 4.90154E+14 ሆኖ ይታያል። የተበላሸ ይመስላል እንጂ አልተበላሸም፤ የሳጥኑን ዓይነት ቀይረው ሙሉውን ማየት ይቻላል። ኤክሴል እስከ 15 አሃዝ ድረስ በትክክል ይይዛል፤ አይኤምኢአይ በጠባቡ ያልፋል። 16 አሃዝ ያለው የኤቲኤም ካርድ ቁጥር ግን አያልፍም፤ 1234567890123456 ቢጻፍ 1234567890123450 ሆኖ ይቀመጣል። የመጨረሻዋ አሃዝ ጠፍታለች፤ በኋላ የሳጥኑን ዓይነት መቀየርም አይመልሳትም። የጠፋችው ደግሞ የማረጋገጫዋ አሃዝ ናት። በ01 የሚጀምሩ የአሜሪካ ስልኮች ላይም ፊተኛው 0 ይቆረጥና 14 አሃዝ ይቀራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አምዱን ቁጥር ከመግባቱ በፊት የጽሑፍ ዓይነት ማድረግ፣ ወይም ከቁጥሩ ፊት ነጠላ ጥቅስ ማስቀደም። የ1001 ቀሪ በአጠገቡ ባለው አምድ ከተቀመጠ፣ በኋላ የሚመጣው መበላሸት አብዛኛው ይታያል፤ የፊተኛው 0 መቆረጥ ግን ቀሪውን ስለማይለውጥ አሃዙን መቁጠር ያስፈልጋል።

ከቴሌኮም ኩባንያ በሚወጣ ዝርዝር ላይ ቁጥሩ በ0 ሊያበቃ ይችላል። ስልኩ ለኔትወርኩ የማረጋገጫዋን አሃዝ አይልክም፤ በቦታዋ ዜሮ ይገባል። ስለዚህ 490154203237510 የሚል ማስረጃ የያዘ ሰው ስልኩ ሌላ ነው ማለት አይደለም። የፊተኞቹን 14 አሃዞች ያወዳድርና የመጨረሻዋን ራሱ ያስላ።

ስሌቱ የማያውቀው

የሉን ፈተና ቁጥሩ በትክክል መገልበጡን እንጂ ስልኩ እውነተኛ መሆኑን አይናገርም። አሥራ አምስት ዜሮ ተደርድሮ ቢቀርብለት ድምሩ 0 ስለሆነ ያሳልፈዋል፤ ፍላሽ ሲደረጉ የተበላሹ አንዳንድ ስልኮች በእርግጥም ይህንኑ ነው የሚያሳዩት። አስመስለው የሚሠሩም አንድ እውነተኛ ቁጥር ወስደው በብዙ ስልክ ላይ ይጭኑታል። በ2020 እ.ኤ.አ. በህንድ ሜሩት ከተማ ፖሊስ ከ13,000 በላይ ስልኮች አንድ አይኤምኢአይ ይዘው ሲሠሩ ማግኘቱን አስታውቋል። ያ ቁጥር የትኛውንም ስሌት ቢያልፍ አይገርምም።

በስልክ ቁጥር ብር ስንልክ ደግሞ ጭራሽ ማረጋገጫ አሃዝ የለም። በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ቁጥር ላይ አንድ አሃዝ ስትሳሳት ውጤቱ የሌላ ሰው ትክክለኛ ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ሥርዓቱ ስህተት መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከመላክ በፊት የሚታየውን የተቀባይ ስም ማንበብ ብቸኛው ፈተና ነው።

ስልክ ሲገዛ እንግዲህ መጀመሪያ በኮከብ መሰላል የሚመጣው ቁጥር፣ ካርቶኑ ላይ ያለው፣ እንዲሁም ባትሪው ሥር ወይም የሲም ማስገቢያው ላይ የተጻፈው አንድ መሆናቸው ይታያል። ካርቶኑ ብቻ ከተለየ ስልኩና ካርቶኑ አይተዋወቁም ማለት ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ከባትሪው ሥር ካለው ከተለየ ደግሞ ወይ ቦርዱ ተቀይሯል ወይ ቁጥሩ ተነካክቷል፣ ሻጩ ሊያስረዳ ይገባል። ቀጥሎ የፊተኞቹ 8 አሃዞች የሚያመለክቱት ሞዴል እጅ ላይ ካለው ስልክ ጋር መግጠሙ ይረጋገጣል፤ ሳምሰንግ ነው የተባለ ስልክ የሌላ ኩባንያ መለያ ካወጣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ሉን የሚሠራው ከዚህ በኋላ ነው፣ ለደረሰኙ። ሁለት ሲም የሚወስድ ስልክ ሁለት አይኤምኢአይ ስላለው ሁለቱም በሦስት በሦስት ተከፍለው፣ ከነቀሪያቸው፣ በገዢውም በሻጩም ቅጂ ላይ ይጻፋሉ።